የምንከፍለው «እንመለስ» እንዲለን ነው

ቅዳሜ ከሰዓት ፒያሳ ላይ በተራራ ተጓዦችና አስጎብኚዎች ስብሰባ ላይ ያወራሁት ነው። ብዙ ሰው «ላክልን» ስላለኝ ቅጂውን እየሰማሁ ጻፍኩት። ያወጣሁት «እእእ» ያልኩበትን ብቻ ነው።

እንደምን ዋላችሁ! ከኋላ ያላችሁ ይሰማል? ይሰማል። ጥሩ።

በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ፣ ቅዳሜን የሚያህል ቀን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ፊት የተቀመጣችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞች፣ እህቶች፣ ከደባርቅና ከዲንሾ ድረስ የመጣችሁ የሙያ ጓደኞቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። እኔ የሠራተኛ ሰፈር ልጅ ነኝ። ከዚህ አዳራሽ በእግር አስር ደቂቃ ቢሆን ነው። ዛሬ ግን ሁለት ሰው መንገድ ጠይቄ ነው የደረስኩት። ፒያሳ እኔ የማውቃት ፒያሳ አይደለችም፤ ቤቱም የለ፣ መታጠፊያውም የለ። በጉም ውስጥ መንገድ ስለማግኘት ሊያወራችሁ የመጣ ሰውዬ ተወልዶ ባደገበት ሰፈር ጠፋ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ።

ቆይ። ስሙት እስቲ። ቆርቆሮው ላይ የሚንኳኳው ምንድን ነው? በረዶ! እሺ። ፍሪጅ ውስጥ ያለውስ? በረዶ። ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለው፣ ነጩ፣ ለስላሳው? እሱም በረዶ። አያችሁ ችግራችንን? ሦስት የተለያየ ነገር፣ አንድ ስም። «አመዳይ» የሚል ቃል አለን፣ ግን ማን ይጠቀምበታል? የስዊዘርላንድ ተራራ ሰዎች እኮ እኛ ጤፍን ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያልን እንደምንለየው ነው የሚለዩት። ትናንት የወረደው ሌላ፣ ነፋስ ያመጣው ሌላ፣ ቀን ቀልጦ ሌሊት የደረቀው ሌላ፣ ከሥር እንደ ስኳር የሆነው ሌላ። ይቺን ስኳር የምትባለዋን ያዙልኝ። እመለስባታለሁ።

ሦስት ነገር ልናገር ነው የመጣሁት። አንደኛ፣ ይሄ ከጋይድ ጋር የሚደረግ የተራራ ስኪ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ በረዶ እንዴት ይገድላል? ሦስተኛ፣ ጋይዱ የሚከፈለው ለምንድን ነው? ሁለቱን ቶሎ ቶሎ እላለሁ፣ ልቤ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው። አስቀድሜ ግን ልናገር፤ እኔ ሰርተፊኬት ያለኝ የስኪ ጋይድ አይደለሁም። ስሜን ተራሮች ላይ አስጎብኚ ነበርኩ፣ ከዚያ ስዊዘርላንድ ሄጄ ቫሌ በሚባለው ክልል ተራራ ላይ ያለ ማረፊያ ቤት ውስጥ ዘጠኝ ክረምት ሰሃን አጥቤያለሁ፣ ሾርባ ሠርቻለሁ። ክረምት ስል የእነሱን ነው፣ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ያለውን። በዕረፍት ቀኔ ጋይዶቹ «ከኋላ ሁንልን» እያሉ ይወስዱኝ ነበር። ያየሁትን ነው የምነግራችሁ።

«ኢትዮጵያዊና ስኪ ምን አገናኛቸው?» የሚል ካለ፣ አለ፣ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ሮቤል ተክለማርያምን ላስታውሰው። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው። በፈረንጆቹ 2006፣ ዛሬ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆቹ ነው፣ ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳደረ። በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ደገመ። ሌላም አለ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ላይ በድንጋይ የተቀረጸ ጽሑፍ ገልብጦ አቆይቶልናል። የአክሱም ንጉሥ ዘመቻውን ሲዘረዝር ስሜን ላይ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ እንዳለ ይናገራል። ስለዚህ በረዶ የፈረንጅ ብቻ ነው አትበሉኝ። ዛሬ ስሜን ላይ የማይቆየው ለምንድን ነው? ዝናባችን የሚመጣው በሐምሌና በነሐሴ ነው፣ ብርዱ የሚጠናው ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት በበጋው። ውሃውና ብርዱ አይገናኙም። ቧሂት ጫፍ ላይ ጠዋት ነጭ ብታዩ እኩለ ቀን ላይ የለም። ሞሮኮ ግን ኡካይመደን ላይ ስኪ አለ፣ ሌሶቶም አለ። አፍሪካ ውስጥ ናቸው ሁለቱም።

እሺ፣ አንደኛው።

በፊልም የምታዩት ስኪ ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ወንበር ወደ ላይ ይወስድሃል፣ ትንሸራተታለህ፣ እንደገና ትሳፈራለህ። የተጠረገ ነው፣ የታጠረ ነው፣ የበረዶ ናዳው ቀድሞ የተፈተሸ ነው። እኔ የማወራችሁ ይሄን አይደለም። ወንበር የለም። አጥር የለም። በገዛ እግርህ ትወጣለህ፣ ማንም ባልረገጠው ላይ ትወርዳለህ። ሦስትና አራት ሰዓት ላብ በላብ ሆነህ አንድ ሺህ ሜትር ትወጣና በግማሽ ሰዓት አልቆ ታች ትገኛለህ። መጀመሪያ ሲነግሩኝ «ይሄ ሰው አሞታል» ብዬ ነበር።

እንዴት ነው በስኪ ወደ ላይ የሚወጣው? ይሄን ያዙና እየተቀባበላችሁ ዳስሱት። «ቆዳ» ነው የሚሉት። ድሮ የእውነት የባሕር እንስሳ ቆዳ ነበር፣ አሁን ሞሄር የሚባል የፍየል ፀጉርና ናይለን ነው። በአንድ በኩል ሙጫ አለው፣ ስኪው ሥር ይለጠፋል። በሌላው በኩል ፀጉር። ወደ ፊት ስትዳስሱት ይሸሻል፣ ወደ ኋላ ስትዳስሱት ይይዛል። እንደ በሬ ጀርባ ነው፣ ፀጉሩን ተቃርነህ ስታሸው እንደሚቆረቁረው። ተረከዝህ ይለቀቃል፣ ጣትህ ብቻ ይታሰራል፣ እየጎተትክ ትሄዳለህ። ጫፍ ላይ ቆዳውን ልጠህ ደረትህ ውስጥ ትከተዋለህ፣ ሙጫው እንዳይቀዘቅዝ። ተረከዝህን ታስራለህ፣ ከዚያ ወደ ታች።

ስፕሊትቦርድ ደግሞ ስኖውቦርድ፣ ማለት በአንድ ሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ መንሸራተት፣ ለሚወዱ ወጣቶች የመጣ ነው። በ1990ዎቹ አሜሪካ ዩታ ውስጥ ለገበያ መቅረብ የጀመረ። አንዱ ሳንቃ በቁመቱ ለሁለት ይከፈላል። ስትወጣ ሁለት ስኪ ነው፣ ጫፍ ላይ ገጥመህ መልሰህ አንድ ሳንቃ ታደርገዋለህ። ጎበዝ ፈጠራ ነው። ግን ጫፍ ላይ ነፋስ ፊትህን እየገረፈው፣ ጣትህ ደንዝዞ፣ ያንን ማያያዣ ለመቆለፍ ስትታገል... የስኪዎቹ ሰዎች ቆመው ያዩሃል። ጥርሳቸው እየተንቀጫቀጨ ያዩሃል። ይሄንንም ጋይዱ ሂሳብ ውስጥ ማስገባት አለበት። እኔ ስኪ የተማርኩት በ31 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ቀን ስንት ጊዜ እንደወደቅኩ አትጠይቁኝ። የአምስት ዓመት ሕፃን በአጠገቤ እየዘፈነች አለፈች።

ሁለተኛው። በረዶ እንዴት ይገድላል?

እናቶች እዚህ ላይ እርዱኝ። ሰፌድ ላይ እንጀራ ደራርቡ። አስር እንጀራ። ሰፌዱን ዘንበል ብታደርጉት ምን ይሆናል? ምንም። ተጣብቋል። አሁን ግን አራተኛውና አምስተኛው እንጀራ መሃል ደረቅ ስኳር በትኑ። ዘንበል አድርጉት። ላይ ያሉት ስድስቱ እንዳሉ ተያይዘው ወለል ላይ ናቸው! በቃ፣ ይሄ ነው የበረዶ ናዳ። በረዶ በአንድ ጊዜ አይወርድም፤ ኅዳር ላይ አንድ ንብርብር፣ ታኅሣሥ ላይ ሌላ፣ ጥር ላይ ሌላ። መሃል ላይ ረጅም ብርዳማ፣ ጥርት ያለ ሰማይ ከነበረ የታችኛው ወደ ስኳርነት ይለወጣል፣ መያያዝ ያቆማል። ከላይ ስታዩት ነጭ ነው፣ ያምራል፣ ምንም አይነግራችሁም። ከዚያ አንድ ሰው ይረግጠዋል።

ናዳው የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ ቦታ ላይ ነው። ከዚያ በታች አይንሸራተትም ማለት ይቻላል፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ገና ሲጥል ይራገፋል። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ለስኪ የሚያምረው ቦታም ይኸው ራሱ ነው። እና በናዳ ሰው ከሚሞትባቸው 10 አደጋዎች ወደ 9 በሚጠጉት ናዳውን የቀሰቀሰው ሟቹ ራሱ ወይም አብሮት ያለ ሰው ነው። ተራራው መጥቶ አልመታቸውም። እነሱ ሄደው ነካኩት።

አንዴ ከወረደብህ በረዶው ሲቆም እንደ ሲሚንቶ ነው፣ ጣትህን አታንቀሳቅስም። በ10 ደቂቃ ውስጥ ቆፍረው ካወጡህ ከ10 ሰው 9ኙ ይተርፋል። ግማሽ ሰዓት ከሆነ 3 ገደማ። ሄሊኮፕተር በ10 ደቂቃ ይደርሳል? አይደርስም። ስለዚህ የሚያወጣህ አጠገብህ ያለው ጓደኛህ ነው። ለዚህ ነው ሁሉም ሰው ሦስት ነገር ይዞ የሚወጣው፤ አካፋ፣ ተጣጣፊ ረጅም ዘንግ፣ እና ይቺ። ቢኮን ትባላለች። በ457 ኪሎኸርዝ የሬዲዮ ሞገድ ትጮሃለች፣ ሁሉም አገር፣ ሁሉም ፋብሪካ፣ ያው ነው። ሌላው ሰው የራሱን ወደ ፍለጋ ቀይሮ ይከተላታል። ጋይዱ ጠዋት ከበር ላይ ቆሞ አንድ በአንድ ያሳልፈናል፣ የማይጮህለት አይወጣም። ንጉሥም ቢሆን አይወጣም።

የናዳ ማስጠንቀቂያም አለ። ስዊዘርላንድ ዳቮስ ከተማ ያለው የበረዶ ምርምር ተቋም በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ያወጣል፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያድሳል። ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። ሰው የሚሞተው በየትኛው ይመስላችኋል? 5 ያለ ማነው? ሁላችሁም አላችሁ። 5 ላይ ማን ይወጣል? ሁሉም ቤቱ ነው። ብዙው ሞት 3 ላይ ነው። መሃል ላይ። ሰማዩ ሰማያዊ፣ በረዶው አዲስ፣ ቁጥሩም «መካከለኛ ነው» ብሎ የሚያባብል ሲሆን።

እንግዲህ ወደ ሦስተኛው መጣሁ። ውሃ ልጠጣ።

ሻሞኒ የምትባል የፈረንሳይ ከተማ አለች፣ ሞን ብላን ሥር። በ1820 ሃሜል የሚባል የሩስያ ምሁር ጋይዶች ቀጥሮ ወጣ። አየሩ ተበላሽቶ ነበርና ጋይዶቹ መመለስ ፈለጉ፣ እሱ አልፈለገም። ወጡ። ናዳ መጣ። ሦስት ጋይዶች ሞቱ፣ እሱ ተረፈ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1821፣ የሻሞኒ ጋይዶች ማኅበር አቋቋሙ፤ ለሟች ቤተሰብ መርጃ የሚሆን ገንዘብ ያለው። ዛሬም አለ። እዚህ ማኅበር ያላችሁ ይሄን ስሙ። ማኅበር የመጣው ለስብሰባ አበል አይደለም። እንግዳው ከፍሏል ተብሎ ሦስት ሰው ሞቶ ስለቀረ ነው የመጣው።

አሁን የእኔን ልንገራችሁ። አንድ መጋቢት ላይ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስተን፣ ስድስት እንግዳ፣ አንድ ጋይድ፣ እኔ ከኋላ። ጋይዱ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። ሌሊቱን ሙሉ ነፋስ ሲነፍስ አድሯል። ጫፉ ሁለት መቶ ሜትር ቀርቶናል፣ ይታየናል፣ ልትነካው ትችላለህ። ያኔ ከሥራችን ድምፅ ሰማሁ። «ውምፍ»። ሰፊ የገለባ ፍራሽ ላይ ወፍራም ሰው ዘጭ ሲል እንዳለው። ያቺ ስኳር የምትባለዋ ንብርብር ስትሰምጥ ነው። ጋይዱ ቆመ። ወደ ላይ አየ። ምንም አላብራራም፣ «እንመለስ» አለ።

አንዱ እንግዳ፣ ለዚያ ጉዞ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመ ሰው ነው፣ ፊቱ ቀላ። ሁለት መቶ ሜትር ነው እኮ የቀረው! ተመለስን። ማታ ሾርባ ሳቀርብ ማንም አያወራም። ማንኪያ ብቻ ነው የሚሰማው። በማግስቱ ሌላ ቡድን በዚያው ቦታ ወጣ። ምን ሆኑ መሰላችሁ?

ምንም አልሆኑም። ወጡ፣ ወረዱ፣ ፎቶ እያሳዩ እየሳቁ ገቡ። ያ እንግዳችን ከእነሱ ስልክ ተውሶ ጋይዱ ሰሃን አጠገብ አስቀመጠለት። «አየህ? ምንም አልሆነም» አለው። ጋይዱ ፎቶውን አየ። «ጥሩ ነው፣ ደስ ብሎኛል» አለ። ዳቦውን ቆረሰ። «ነገም ቢሆን ግን እመልስሃለሁ» አለው።

ማታ ሰሃን ሳጥብ መጥቶ ያደርቅልኝ ጀመር። «አልተናደድክም?» አልኩት። «በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ተመልሻለሁ» አለኝ። «ከዚያ ውስጥ ስንቱ ያስፈልግ ነበር? አላውቅም። ማንም አይነግረኝም።»

እኔ እዚያ ማጠቢያ ላይ ቆሜ ስሜን ትዝ አለኝ። 24 ዓመቴ ነው። ሁለት እንግዶች ይዤ እመት ጎጎ ላይ ነን። ጉም ነው፣ እጅህን ዘርግተህ አታያትም። አብሮን ያለው ስካውት፣ ማለት የፓርኩ ጠባቂ፣ ሽማግሌ ነው፣ «አንተ ልጅ፣ ጥቂት እንቆይ» አለኝ። እንግዶቹ ግን ማታ መኪና ይጠብቃቸዋል። ጉርሻም አለ። እመት ጎጎ ጫፉ ገደል እንደሆነ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ይዤያቸው ሄድኩ። ምን ሆነ? ጉሙ ተከፈተ! ፎቶ ተነሱ፣ አቀፉኝ፣ የወር ደሞዜን የሚያህል ጉርሻ ሰጡኝ። ሽማግሌው ዝም ብሎ ጋቢውን አስተካክሎ ፊት ፊት ሄደ። እኔ በልቤ ሳቅኩበት።

ያን ቀን ምን ተማርኩ? ጉም ውስጥ ከገባህ ትሸለማለህ። ይሄን ነው የተማርኩት! ተራራው አላረመኝም፣ ሸለመኝ። የዓባይ በረሃ መታጠፊያ ላይ የሚቀድም ሚኒባስ ሾፌር ስንት ጊዜ «ምንም አልሆነም» ብሎ ደርሷል? ሁሌም። እስከ አንድ ቀን። እኔም ሁለት ዓመት እንደዚያ ሠራሁ፣ «ያ ልጅ ደፋር ነው» ተባልኩ፣ ሥራ በዛልኝ። ከዚያ አንድ ቀን ጉም ውስጥ ስወርድ አንዷ እንግዳዬ አንሸራተታት፣ ቁርጭምጭሚቷ ተሰበረ። ከጋቢና ከዱላ ቃሬዛ ሠርተን ስድስት ሰዓት ተሸከምናት፣ መሸብን፣ ታለቅሳለች፣ እኔም ጨለማ ስለሆነ አለቀስኩ። ያሠራኝ ድርጅት «ማን ውሰዳት አለህ?» አለኝ። እሱ ራሱ ነው ጠዋት በስልክ «እንግዳው ያለውን አድርግ» ያለኝ። የወሩ ደሞዜም አልተከፈለኝም። እሱን ትቼዋለሁ፣ ማለት... አልተውኩትም፣ ግን እንለፈው።

በፈረንጆቹ 2018 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ስዊዘርላንድ ቪኜት የሚባለው ማረፊያ ቤት አቅራቢያ የስኪ ተጓዦች ማዕበል ያዛቸው። መንገድ ጠፋቸው፣ ሌሊቱን ውጭ አደሩ። ማረፊያው ጥቂት መቶ ሜትር ነበር የሚርቀው። ሰባት ሰው ሞተ፣ ጋይዱም አንዱ ነው። ማንንም ልወቅስ አይደለም፣ ሙታን ናቸው፣ ነፍስ ይማር። በዚያ ሰሞን ተራራ ላይ የነበርን ሁሉ ግን ለቀናት ድምፃችን ዝቅ ብሎ ነበር።

እዚያ ሙሉ ጋይድ ለመሆን ዓመታት ይፈጃል። ድንጋይ፣ በረዶ፣ ስኪ፣ ሁሉንም ትፈተናለህ። ዓለም አቀፍ ማኅበራቸው በ1965 ነው የተቋቋመው። እህቶቼ፣ በስዊዘርላንድ የመጀመሪያዋ ሴት ጋይድ ፈተናውን ያለፈችው በ1986 ነው፤ እነሱም አልቸኮሉም፣ እናንተ ግን ቸኩሉ። ከፈተናው ሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። እንግዳው ጫፍ ቢደርስም ባይደርስም ጋይዱ ያው ነው የሚከፈለው። ያው ነው! ቢመለስ አይቀነስበትም። ማታውኑ ሾርባ ላይ «ነገ እስከ ቀን 6 ሰዓት ጫፍ ካልደረስን የትም ብንሆን እንመለሳለን» ይላቸዋል። ጠዋት ልባቸው ሳይሞቅ፣ ማታ። ያን ጊዜ የሚቃወም የለም፣ ሁሉም ጠግቧል፣ ራሱን ይነቀንቃል።

እኛስ? እንግዳችንን መቼ ነው የምንነግረው? ገደሉ አፍ ላይ! እሱ ካሜራውን አውጥቶ፣ እኛ ጉርሻውን እያሰብን። እስቲ እጅ አውጡ፣ ከዚህ ውስጥ እንግዳ መልሶ ጉርሻ ያጣ? አቤት። አቤት! እነዚህን እጆች ፎቶ አንሱልኝ። አሁን ደግሞ ድርጅት ያላችሁ፣ ፊት የተቀመጣችሁ፣ ዞር ብላችሁ እዩአቸው። መልሶ ለመጣ ልጅ ከሙሉ አበሉ ላይ አንድ ብር አትቀንሱ። ጻፉት፣ ውል ውስጥ ይግባ። እንግዳውም ሲከፍል ይንገሩት፤ «የምትከፍለው እንድንመልስህ ጭምር ነው» ይበሉት። የሚቆጣ ይቆጣ።

አስተባባሪዋ ሰዓቷን እያሳየችኝ ነው። እሺ፣ እሺ እህቴ፣ ጨረስኩ። አንድ ነገር ብቻ። ከመጀመሬ በፊት አንድ ቢኮን በርቶ እዚህ አዳራሽ ውስጥ አንድ ሰው ኪስ ገብቷል። ማን እንደሆነ አልናገርም፣ እናንተም አትሳቁ፣ ታስነቁበታላችሁ። ሌላኛው እጄ ላይ ነው። ከደባርቅ የመጣኸው፣ አዎ አንተ፣ ባለ ቀይ ጃኬቱ፣ ና ያዘው። ቀስቱን ተከተል፣ ቁጥሩ እየቀነሰ ከሄደ እየቀረብክ ነው። ጎንበስ በል፣ ተረጋጋ፣ አትሩጥ። ሌሎቻችሁ ስልካችሁን ራቅ አድርጉለት፣ ይረብሸዋል። ጋሼ፣ እርስዎ ሰዓት ይያዙልን። 10 ደቂቃ አለህ።

ጀምር።